ለቤቴ ድመት ለክቡር ሻምበል የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ በኪራይ ውሌ ላይ ስለ መሽናትዎ

ክቡር ሻምበል ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ፣ እርስዎ ካደረሱብኝ ነገር በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ ያለፈው ማክሰኞ ነው። እሑድ ማታ የኪራይ ውሌን፣ የመታወቂያዬን ኮፒና ሁለት ጉርድ ፎቶግራፎች ጠዋት እንዳልረሳቸው ሶፋው ላይ አዘጋጅቼ ተኛሁ። እርስዎ ሌሊቱን ሰነዱን መርምረው፣ በጥፍርዎ ፈርመው፣ የራስዎን ማኅተም አሳረፉበት። ሰኞ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሳስመታው ዋልኩ፤ ሽታውም የጠፋ መሰለኝ። የድመት ሽንት ሽታ ግን ሲደርቅ ዝም ይላል እንጂ አይጠፋም፤ እርጥበት ሲያገኝ ይቀሰቀሳል። ማክሰኞ ደግሞ በሐዋሳ ከሌሊት ጀምሮ ሲያካፋ ነበር።

ውሌን ለማቅረብ ከንጋቱ 12፡30 ከጽሕፈት ቤቱ ደጅ ተሰልፌ 23ኛ ሆንኩ። ወረቀቱን ከካፊያው ለማዳን ጃኬቴ ውስጥ ስለ ከተትኩት፣ በሰውነቴ ሙቀት ታፍኖ ነፍስ ዘራ። ከፊቴ የነበሩት እናት ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳቡ። ከኋላዬ የቆመው ወጣት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ በዚህ አገር ሰልፍ ላይ ሰው በገዛ ፈቃዱ ወደ ኋላ ሲሄድ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አምስት ሰዓት ላይ መስኮቱ ጋ ስደርስ ሠራተኛዋ ውሉን በሁለት ጣቶቿ ጫፍ ይዛ ወደ ብርሃን አነሣችው። በማኅተሙ ላይ አራት ቀጥ ያሉ ጭረቶች ነበሩ።

«ጋሼ፣ ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ አንቀበልም» አለችኝ።

ድመት ነው ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። «ታዲያ ድመቱ መጥቶ ያረጋግጣ!» አለ አንዱ ከኋላ። ነጠላቸውን ከአፍንጫቸው ያላነሡት እናት ሳይቀሩ ሰልፉ በሙሉ ሳቀብኝ። አከራዬንና ምስክሮቼን ይዤ፣ ውሉን እንደ አዲስ አስጽፌ እንድመለስ ታዘዝኩ። አከራይ «አዲስ ውል» የሚለውን ቃል ሲሰማ ዓይኑ እንዴት እንደሚበራ አንባቢ ያውቀዋል።

አንተ ድመት! ከቱቦ ሥር በዝናብ ስትጮህ ያወጣሁህ እኔ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአሞራ ገደል ገበያ የዓሣ ጭንቅላት የማመጣልህ እኔ ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በተሰበሰበ ሕዝብ ፊት፣ በሰው ዘንድ አፍንጫ ተይዞብኝ አያውቅም ነበር! ያን ማታ ቤት ስገባ ቀና ብለህ እንኳ አላየኸኝም።

ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ወደ «እርስዎ» ልመለስ።

የመጋረጃውን ነገር አላነሣም። ሶፋውን በተመለከተ የእንስሳት ሐኪሙ እንዳስረዱኝ፣ ድመት የሚቧጭረው የጥፍሩን አሮጌ ቅርፊት ለመጣልና ከመዳፉ በሚወጣ ጠረን «ይህ የእኔ ነው» ለማለት ነው። እንግዲህ እርስዎ ለሶፋው ካርታ አውጥተዋል፤ እኔ በበኩሌ የምኖርበት ቤት የኪራይ ውል እንኳ አልተረፈልኝም። አንድ ሜትር በሚሆን ግንድ ላይ የቃጫ ገመድ ጠምጥሜ በሩ አጠገብ ባቆምልዎ አሽተው አለፉ፤ ቦታው ከሶፋው ጎን መሆን ነበረበት ተባልኩ። ጎረቤቴ «ጥፍሩን ከነሥሩ ያስነቅሉት» ብሎኛል። ያ ግን የጣትን የመጨረሻ አጥንት መቁረጥ ነው፤ እኔና እርስዎ ያን ያህል አልተጣላንም።

ከሁሉ የከበደኝ የመጸዳጃዎ ሳፋ ጉዳይ ነው። ከእንጨት ቤት ሰጋቱራ በማዳበሪያ ተሸክሜ አመጣሁልዎ፤ ሲሰለችዎ አሸዋ ነፍቼ አቀረብኩ። ሐኪሙ በመጀመሪያ የጠየቁኝ ሽንት እንቢ ብሎዎት ያምጡ እንደሆነ ነበር፤ የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ ከተዘጋ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላልና። እንዳላማጡ ውሌ ምስክር ነው። ቀጥለው ሳፋው ስንት ቀን ሳይጸዳ እንደ ቆየ ጠየቁኝ። አራት ቀን። (በየቀኑ መጸዳት ነበረበት፤ ይህን ለአንባቢ መዘርዘር አስፈላጊ አይመስለኝም።) ሳፋው ከምግብ ሳህንዎ ጎን መቀመጡም ነውር ነው ተባለ። ሶፋውን በበረኪና ማጠቤን ስናገርማ ሐኪሙ ራሳቸውን ያዙ፤ ለካ በረኪና ከሽንት ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ሽታውን ከሥሩ የሚያጠፋው ኢንዛይም ያለበት ማጽጃ ነው አሉኝ። በየሱቁ ስጠይቅ ፈሳሽ ሳሙና ያቀብሉኛል።

ከዛሬ ጀምሮ ሳፋው በየማለዳው ይጸዳል፣ ከሳህንዎ ርቆ ይቀመጣል፣ የቃጫው ግንድም ወደ ሶፋው ተጠግቷል። አዲሱ ውል ቁም ሣጥኑ ላይ ነው። ይህን ስጽፍ እርስዎ ቁም ሣጥኑን ቀና ብለው እየተመለከቱ ነው።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሶፋው ቀሪ አካል
ለአከራዬ (ያለ ሽታ)