ሚዛኑ ራሱ ይመዝግብ

መድኃኒት ፋብሪካ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚማረው አንድ ነገር ነው፦ ያልተጻፈ ነገር አልተሠራም። አንድ ባች፣ ማለትም በአንድ ዙር የሚመረት ታብሌት፣ ከምዘና እስከ ማሸጊያ ሲሄድ ወፍራም ጥራዝ አብሮት ይዞራል። ማን መዘነ? ስንት ኪሎ? ማድረቂያው ስንት ዲግሪ ደረሰ? ማን ፈረመ? ጥራዙ ካልተሟላ መድኃኒቱ ከመጋዘን አይወጣም።

አንዱን ጥራዝ መቼም አልረሳውም። ማድረቂያው የተነሳው 3:20፣ የቆመው 10:05 ይላል። ሰባት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረው! ጉዱ በኋላ ተገለጠ። ኦፕሬተሩ መነሻውን የጻፈው ከእጅ ሰዓቱ፣ በእኛ አቆጣጠር ነው። መጨረሻውን ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ከሚሠራው የማሽኑ ስክሪን ላይ ገለበጠው። ማድረቂያው የሠራው በትክክል 45 ደቂቃ ነበር። ይህን እስክናጣራ ባቹ ለቀናት ተይዞ ቆየ።

ከስርዝ ድልዝ ይበልጥ የሚያስደነግጠኝ ግን በጣም ንጹሕ ወረቀት ነው። የስምንት ሰዓት ሥራ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ትንፋሽ ተጽፎ ሳይ ፈረቃው ሲያልቅ እንደተሞላ ይገባኛል። ሠራተኛው ውሸታም ሆኖ አይደለም። ጓንት አጥልቋል፣ እጁ ዱቄት ነው፣ ማሽኑ ይጠብቀዋል። ታዲያ መቼ ይጻፍ?

ስለዚህ ከወረቀት ወደ ዲጂታል እንሂድ ሲባል ደስ ይለኛል። ችግሩ ብዙዎቻችን ወረቀቱን ስካን ማድረግ ወይም ቁጥሩን ኤክሴል ላይ መልሶ መጻፍ ይመስለናል። ያ ድካም መጨመር ነው። መጀመር ያለበት ከሚዛኑ ነው። ሚዛኑ ኪሎውን በቀጥታ ወደ ሲስተሙ ይላክ። ማድረቂያው ሰዓቱንና ሙቀቱን ራሱ ይመዝግብ። ባርኮዱ የተሳሳተ ጥሬ ዕቃ ካሳየ ቀጣዩ እርምጃ አይከፈት። ሰው ቁጥር መገልበጡን ሲተው ዓይኑ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ኮምፒውተር ስለገባ ብቻ ግን እውነት አይገባም። ኤብል ላብስ የሚባል ኩባንያ አሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ ነበር። የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ደጋግመው ቢያዩትም ወረቀቱ ደህና ስለነበር ያልፍ ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. ላብራቶሪው ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ዳታ ከወረቀቱ ጋር እንደማይገጥም ታወቀ። የወደቁ ውጤቶች እንዳለፉ ተደርገው ነበር። ኩባንያው መድኃኒቶቹን ሁሉ ከገበያ ሰበሰበ፣ ሥራም አቆመ። አስቡት፣ እውነቱ ኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ከፍቶ የሚያየው ነው የጠፋው። የጥራት ባለሙያ ማን ምን እንደቀየረ የሚያሳየውን ኦዲት ትሬይል ካላነበበ ስክሪን መግዛት ከንቱ ነው።

ፓስወርድም እንዲሁ ነው። ለሦስት ሰው አንድ ፓስወርድ መስጠት ባዶ ቅጽ ላይ ቀድሞ ከመፈረም በምንም አይለይም። እያንዳንዱ ሰው የራሱ መግቢያ ይኑረው፣ ሥራ የለቀቀ ሰው መግቢያ በዚያው ቀን ይዘጋ።

የኤሌክትሮኒክ ፊርማ በሕግ ያስኬዳል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ለፊርማው አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ወጥቶለታል። መብራት ይጠፋል የሚሉት ግን እውነት አላቸው። በባች መሃል መብራት ሄዶ መረጃ ቢጠፋ መድኃኒቱም አብሮ ሊጣል ይችላል። ስለዚህ ከሶፍትዌሩ በፊት ጄኔሬተሩና ዩፒኤሱ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው የሚይዘው ባትሪ) ይታሰብ። ቁጥር የተሰጠው የአደጋ ጊዜ ቅጽም በእጅ ይኑር።

እኔ ብጠየቅ በአንድ ምርትና በአንድ ክፍል ብቻ፣ በምዘና፣ እጀምራለሁ። የመጀመሪያዎቹን ባቾች በወረቀትም በሲስተሙም ጎን ለጎን መዝግቤ ልዩነታቸውን አያለሁ። ስክሪኑ የት ይሰቀል፣ ቁልፉ ምን ያህል ይተልቅ የሚለውን ግን ለአይቲ ክፍል አልተወውም። ጓንት ያጠለቀውን ኦፕሬተር ነው የምጠይቀው።