የመቶ ዓመቱ ዋንጫ ለምን ቀረ?

ባለፈው እሑድ ከጦሳ የወረደው ጉም የደሴን ፒያሳ ሸፍኖት ነበር። ዝናቡ እስኪያባራ ከአንድ ቡና ቤት ተጠልለን ሳለ ከኮምቦልቻ የመጣ ወጣት ሹፌር አጠገባችን ለተቀመጡት ጡረተኛ መምህር ጥያቄ አቀረበ። «ጋሼ፣ አንድ መንግሥት ሆነው ሳለ እንግሊዝና ስኮትላንድ ስለ ምን በየፊናቸው ብሔራዊ ቡድን ያሰልፋሉ?»

መምህሩ ነገሩን ከሥሩ ጀመሩለት። ፊፋ በ1904 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከመመሥረቱ አስቀድሞ እንግሊዝ፣ ስኮትላንድ፣ ዌልስና አየርላንድ (ኋላ ሰሜን አየርላንድ) የየራሳቸው ማኅበር እንደነበራቸው፣ ከ1883/84 የውድድር ዘመን ጀምሮም በጦርነት ካልተቋረጠ በቀር በየዓመቱ ለብሪታንያ ሻምፒዮናነት ይጋጠሙ እንደነበር፣ ይህም በብሔራዊ ቡድኖች መካከል ከተደረጉት ውድድሮች ሁሉ ቀዳሚው መሆኑን አስረዱት። የውድድሩን ክብር ለማሳየትም የ1950ን ታሪክ አነሡ። በዚያ ዓመት ፊፋ አንደኛና ሁለተኛ የሚወጡት ቡድኖች ብራዚል በሚካሄደው የዓለም ዋንጫ እንዲሳተፉ ፈቅዶ ነበር፤ የስኮትላንድ ማኅበር ግን አንደኛ ካልሆንኩ አልሄድም ብሎ አስቀድሞ ስለ ነበር፣ በገዛ ሜዳው በእንግሊዝ 1 ለ 0 ተሸንፎ ሁለተኛ ሲወጣ በቃሉ ጸንቶ ከአገሩ ቀረ።

«እንዲህ የተከበረ ከሆነ ታዲያ ምን አጠፋው?» አለ ሹፌሩ። ክርክሩ የተነሣው በዚህ ነው።

መምህሩ ጥፋቱን በሥርዓት አልበኝነት ላይ አደረጉ። በ1977 በለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየም ስኮትላንድ ስታሸንፍ ደጋፊዎቿ ሜዳውን ወርረው የግቡን አግዳሚ ሰብረዋል፣ ሣሩንም ነቅለዋል። በ1981 ደግሞ በሰሜን አየርላንድ ሁከት በበረታበት ወቅት እንግሊዝና ዌልስ ቤልፋስት አንሄድም በማለታቸው ውድድሩ አሸናፊ ሳይኖረው ቀረ። ሹፌሩ ግን አልተቀበላቸውም። «ጋሼ፣ አንቱ የሚሉት ሁሉ ሆኗል፤ የገደለው ግን ገንዘብ ነው። ከእንግሊዝና ከስኮትላንድ ጨዋታ በቀር ስታዲየም የሚሞላ አልነበረም፤ ትልልቆቹም ከታናናሾቹ ጋር መጫወት ሰለቻቸው» አለ።

እስከዚያ ድረስ ቡና እየቀዳች ዝም ብላ ታዳምጥ የነበረችው የቤቱ ባለቤት ቀና ብላ፣ «ረብሻው የነበረው በሁለቱ ትልልቆች ጨዋታ ላይ ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ እነርሱ መጋጠም አቆሙ?» ስትል ጠየቀች።

አላቆሙም። በእኔ እምነት የነገሩ መልስ ያለው እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝና ስኮትላንድ ከውድድሩ እንደሚወጡ በ1983 ካስታወቁ በኋላ፣ ከ1985 ጀምሮ ሩስ ካፕ በሚባል ሌላ ዋንጫ ሁለቱ ብቻ በየዓመቱ ይጋጠሙ ነበር። ከ1987 ወዲህ ከደቡብ አሜሪካ አንድ ብሔራዊ ቡድን እየጋበዙ ሲጨምሩ እንኳ ዌልስንና ሰሜን አየርላንድን አልመለሷቸውም። የረብሻው ፍራቻ እውነተኛ ምክንያት ቢሆን ኖሮ አስቀድሞ ሊቀር የሚገባው ረብሻ ያልተለየው ያ ጨዋታ ነበር፤ የተረፈው ግን እርሱ ብቻ ነው። ስለዚህ የመምህሩን ዕውቀት እያከበርሁ፣ በምክንያቱ ከሹፌሩ ጋር እስማማለሁ።

አንድ ነገር ግን አልቀበለውም፤ ይኸውም «ታናናሾቹ» ያለውን ነው። ሰሜን አየርላንድ በ1982ቱ የዓለም ዋንጫ አስተናጋጇን ስፔንን በቫሌንሲያ 1 ለ 0 አሸንፋለች። የመጨረሻው የ1984 ሰንጠረዥ ደግሞ እንዲህ ነበር፦ አራቱም ቡድኖች አንድ አሸንፈው፣ አንድ አቻ ወጥተው፣ አንድ ተሸንፈው እኩል 3 ነጥብ ያዙ፤ በዚያን ጊዜ ማሸነፍ የሚያስገኘው 2 ነጥብ ነበርና። በጎል ልዩነትና ባገቡት ጎል ብዛት ሰሜን አየርላንድ አንደኛ፣ ዌልስ ሁለተኛ፣ እንግሊዝ ሦስተኛ፣ ስኮትላንድ መጨረሻ ሆኑ። የተገፉት ሁለቱ ከላይ፣ የገፏቸው ሁለቱ ከታች ማለት ነው።

ይህን ስነግራቸው መምህሩ ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ዋንጫውስ የት ደረሰ?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የሚጫወትለት ስላልነበረ እዚያው በሰሜን አየርላንዶች እጅ ቀረ።