ጋሼ፣ ቀስ ብለው ይምቱት

አዲስ አበባ ውስጥ ጎልፍ የሚጫወት ሰው ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ዲፕሎማት ወይም ባለሀብት ነው። ይሁን። እኔ ግን ዛሬ ማውራት የፈለግኩት ስለ ሌሎቹ ነው። ስድሳን ተሻግረው፣ ጡረታ ወጥተው ወይም ከአሜሪካ ጠቅልለው ገብተው፣ ሐኪም «እንቅስቃሴ ያድርጉ» ስላላቸው ወይ ጓደኛ ስለጎተታቸው፣ ቅዳሜ ጠዋት ዱላቸውን መኪና ላይ ጭነው ወደ አሮጌው ኤርፖርት ሜዳ ስለሚሄዱት። ጨዋታው ጥሩ ነው። አመታታቸው ግን የሃያ አምስት ዓመት ጎረምሳ ነው፣ ችግሩም እሱ ነው።

የሰፈራችን አንድ ሰው አሉ፣ ስማቸውን ብጠራ ይቆጡኛል። ከመኪና ይወርዳሉ፣ ጃኬታቸውን ያወልቃሉ፣ ሰውነታቸውን ሳያሟሙቁ ትልቁን ዱላ፣ ድራይቨሩን ይመዛሉ። ከዚያ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ወገባቸውን ጠምዝዘው ይለቁታል። ኳሷ ባሕር ዛፍ ውስጥ ትገባለች። «አንድ ልድገም» ይላሉ። ይደግማሉ፣ ይሠልሳሉ። ሰኞ ጠዋት ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ማሰር ያቅታቸውና ልጃቸው ታስርላቸዋለች። ከሰዓት ወጌሻ ቤት ናቸው።

ወጌሻን እየናቅኩ አይደለም፣ ስንቱን ቁርጭምጭሚት አስተካክለውልናል። ግን ሕመሙ ከወገብ ተነስቶ ወደ እግር የሚወርድ ከሆነ፣ እግር ከደነዘዘ ወይም ከዛለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሽንት መቆጣጠር ካስቸገረ፣ እባካችሁ መታሸት ይቅርና በዚያው ቀን ሐኪም ቤት።

ጎልፍ ተጫዋቾችን በብዛት የሚጎዳቸው የታችኛው ጀርባ ነው። ከዚያ ክርን፣ ትከሻ፣ የእጅ አንጓ ይከተላሉ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ዛሬ በቴሌቪዥን የምናየው የወጣቶቹ አመታት ዳሌን ያዝ አድርጎ ትከሻን ብቻ እስከ ጥግ ማዞር ነው፤ ኃይሉ የሚመጣው ከዚያ መጠማዘዝ ነው፣ ዕዳውን የሚከፍለው ደግሞ ወገብ። የድሮዎቹ ተጫዋቾች እንዲህ አልነበሩም። ዱላውን ወደ ኋላ ሲወስዱ የግራ ተረከዛቸውን ከመሬት ያነሱና ዳሌያቸው አብሮ እንዲዞር ይለቁት ነበር። ለስልሳ ዓመት ሰው የሚሆነው ይሄኛው ነው። ዱላው ትከሻ ጋ ሲደርስ ይበቃል፣ ከጭንቅላት ኋላ ዞሮ መሬት መጠቆም የለበትም።

«ታዲያ ኳሱ የት ይደርሳል?» የሚል ካለ፣ አዲስ አበባ እኮ ነው ያለነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ምት እዚህ፣ ባሕር ዳርቻ ካለ ሜዳ ይልቅ አንድ አሥረኛ ያህል ርቆ ይሄዳል። ተፈጥሮ ራሷ እየገፋችላችሁ ለምን ወገባችሁን ትሰብራላችሁ? ይሄው ስስ አየር ግን ሌላ ገጽ አለው። ከሜሪላንድ ወይም ከቨርጂኒያ ትናንት የገባ ሰው ዛሬ ቦርሳ ተሸክሞ ዳገት ልውጣ ቢል ልቡ ትጠይቀዋለች። ጥቂት ቀን ቡና እየጠጡ፣ አጠር አጠር ያለ እግር ጉዞ እያደረጉ መቆየት ይሻላል።

ማሟሟቅ የሚለው ነገር ላይ ሁሉም ሰው ራሱን ይነቀንቃል፣ የሚያደርገው የለም። አሥር ደቂቃ ነው። ፈጠን ብሎ መራመድ፣ ዳሌና ትከሻን ማዞር፣ ከዚያ በትንሿ ዱላ ለስለስ ያሉ ምቶች፣ ድራይቨሩ መጨረሻ ላይ። የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ጎንበስ ብላችሁ ኳስ ካነሳችሁ በኋላ ቀስ ብላችሁ ቀና በሉ፣ አንዳንዱ መድኃኒት ድንገት ሲነሱ ያዞራል። ኳስ ሲያነሱ በዱላው ተደግፎ አንዱን እግር ወደ ኋላ ማንሳት ወገብን ያሳርፋል። ባለሙያዎቹም እንደዚያ ነው የሚያደርጉት፣ እርጅና አይደለም።

እና ክረምት። ከሰኔ እስከ መስከረም ከሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ መገኘት በበኩሌ ቂልነት ነው። ሰማዩ አጉረመረመ ማለት ጨዋታው አልቋል ማለት ነው። ባሕር ዛፍ ሥር መጠለል የባሰ ነው፣ ጎኑ ክፍት የሆነው የጎልፍ መኪናም አያድንም። ሕንፃ ውስጥ ወይም የራሳችሁ መኪና ውስጥ መስኮት ዘግታችሁ ተቀመጡ፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ እስኪያልፍ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ሜዳዎች ላይ የመጀመሪያው ምት የሚመታበት መነሻ ነጥብ አንድ ብቻ አይደለም፣ ኳሷ ልትገባበት ለሚገባው ጉድጓድ ቀረብ ያሉ መነሻዎች አሉ። ከዚያ መምታት ግን በእኛ ሰዎች ዘንድ ውርደት ነው። አሜሪካኖቹ በ2011 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ሰዎች ከሚችሉት ርቀት እንዲነሱ የሚገፋፋ ዘመቻ ጀምረው ነበር፤ ምክንያታቸው ጨዋታው እንዲፈጥንና ደስ እንዲል ነው። እኛ ጋ ግን ጋሼ ከወጣቶቹ መነሻ ካልመቱ ሞተው ይገኛሉ። ጃንሜዳ ላይ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ያሉት አባቶቻችን ዱላና ኳስ መሐል ክብር የሚባል ነገር እንደማያዋጣ ቀድመው ገብቷቸዋል።

ባለሙያዎቹን እዩ። በርንሃርድ ላንገር የሚባል ጀርመናዊ አለ፣ የ1957 ልጅ። በ2024 መጀመሪያ የተረከዙ ጅማት ተበጠሰ፣ ያውም ጎልፍ ሲጫወት ሳይሆን ፒክልቦል በሚባል ጨዋታ። በወራት ውስጥ ተመለሰ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ በ67 ዓመቱ ዋንጫ በላ። 50 ዓመት ለሞላቸው ተጫዋቾች በተዘጋጀው ተከታታይ ውድድር (ቱር)፣ በፒጂኤ ቱር ቻምፒየንስ ላይ 47ኛ ድሉ ነበር። ኳስ በማራቅ ከወጣቶቹ ጋር አይወዳደርም። የሚያሸንፈው በአጭር ምት፣ በጥንቃቄና ሰውነቱን በመንከባከብ ነው። ቶም ዋትሰን ደግሞ በ2009 የብሪታኒያው ኦፕን ላይ በ59 ዓመቱ፣ ዳሌው በሰው ሠራሽ ከተተካ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ እስከ መጨረሻው ጉድጓድ ድረስ መሪ ነበር። በተጨማሪ ጨዋታ ተሸነፈ። አሁንም ያንገበግበኛል።

ይሄ ሁሉ የሆነው ስፖርቱ ለሽማግሌዎቹ ቦታ ስላዘጋጀ ነው። የአዛውንቶቹ ቱር በ1980 ነው የተጀመረው። አብዛኛው ውድድር በአራት ቀን 72 ጉድጓድ መሆኑ ቀርቶ በሦስት ቀን 54 ጉድጓድ ነው፣ ሜዳው አጠር ይላል፣ በአብዛኛው ውድድር በጎልፍ መኪና መሄድም ይፈቀዳል። ወጣቶቹ ቱር ላይ መኪና ክልክል ነው፤ እግሩ የታመመው ኬሲ ማርቲን በመኪና ለመሄድ ብቻ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ መከራከር ነበረበት፣ በ2001 ተፈረደለት። ታይገር ዉድስም በ2025 መጨረሻ 50 ሞልቶታል። ያ ስንት ጊዜ የተቀደደ ጀርባና በመኪና አደጋ የተሰባበረ እግር በጎልፍ መኪና እየሄደ የሚጫወትበት በር ተከፍቶለታል ማለት ነው፣ ይግባበት አይግባበት የራሱ ጉዳይ ነው። ሴቶቹ ግን ቆይተዋል፤ የወንዶቹ የአዛውንቶች ዩኤስ ኦፕን በ1980 ሲጀመር የሴቶቹ የመጣው በ2018 ነው፣ እንግሊዛዊቷ ሎራ ዴቪስ በላችው።

ሁሉም ላንገር አይሆንም። የአዛውንቶቹ ቱር በዋናነት ቀድሞ ላሸነፉ ሰዎች ነው፣ በማጣሪያ የሚገኘው ቦታ ጥቂት ነው። ከ40 እስከ 50 ያለው ዐሥር ዓመት ደግሞ ለብዙ ባለሙያ ደረቅ ወቅት ነው፣ ለወጣቶቹ አርጅቶ ለአዛውንቶቹ ገና ልጅ። ያኔ የሚቀረው ማስተማር፣ ክለብ ውስጥ መቀጠር፣ ሜዳ መንደፍ፣ ማይክሮፎን ፊት መቀመጥ ነው። ከእነዚህ ውስጥ እኔ የማከብረው ማስተማሩን ነው፣ ወገብ ሳይጠመዝዙ እንጀራ ይበላበታል።

ይሄን ስጽፍ ቀነኒሳ በቀለ ይመጣብኛል። በ2024 በ41 ዓመቱ ለንደን ላይ 2፡04፡15 ሮጦ ሁለተኛ ወጣ፣ በዚያው ክረምት ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ 39ኛ ሆነ። ሩጫ ለቀነኒሳ እንኳ ከወጣቶቹ ጋር እኩል ሩጥ ነው የሚለው። ለእርሱ ዕድሜ ብሎ ደመወዝ የሚያስገኝ የራሱ ዙር ያዘጋጀ የለም። ጎልፍ ግን አዘጋጅቷል።

እዚሁ ከተማ ውስጥ ደግሞ ካዲዎቹ አሉ። ልጅ ሆነው የሰው ቦርሳ መሸከም ጀምረው፣ ማታ ማታ በተዋሱት ዱላ ሲመቱ፣ ብዙዎቹ ከሚሸከሙላቸው ጋሼ የተሻሉ ሆነው የቀሩ ልጆች። ኬንያ ኦፕን ከ2019 ጀምሮ የአውሮፓው ቱር አካል ነው፣ ናይሮቢ ያለ ጎበዝ ልጅ ትልልቆቹ ሲጫወቱ ደጁ ላይ ያያል። የእኛው ልጅ የሚያየው የጋሼን ቦርሳ ነው፣ አርባ ሲሞላው ደግሞ ትከሻው ያልቃል።

ክለቦች ሁለት ነገር ቢያደርጉ በቂ ነው ብዬ አስባለሁ፣ ሁለቱም ገንዘብ አይጨርሱም። የመጀመሪያው ጎማ ያለው የሚገፋ ጋሪ መግዛት፣ ቦርሳ በአንድ ትከሻ መሸከም ይቅር። ሁለተኛው ለነባሮቹ ካዲዎች የማስተማር ሥልጠናና የምስክር ወረቀት መስጠት። ከዚያ ጋሼ የዲስክ ሕክምና ከሚከፍሉ፣ ለሠለጠነው ካዲ የአንድ ሰዓት ትምህርት ይክፈሉት። ተረከዝዎን እንዴት እንደሚያነሱ ከእርሱ የተሻለ የሚያሳይዎት የለም፣ ሲጠማዘዙ ዓመታት ከኋላዎ ቆሞ አይቶዎታል።