ጉድጓዱን ቆፈርን፤ ውሃውን ማን ይመርምርልን?

ባለፈው አዳማ አክስቴ ቤት ሄጄ ነበር። ገና ከመቀመጤ በጣሳ ውሃ አቀበለችኝ። «ጠጣ፣ የራሳችን ነው» አለች። ኩራቷ ይገባኛል። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የራስ ጉድጓድ ማለት ትልቅ ነገር ነው። ለጎረቤትም በጀሪካን ትሸጣለች። ውሃው ደግሞ ኩልል ያለ ነው።

«አስመርምራችሁት ታውቃላችሁ?» ስላት ሳቀችብኝ። «ይኸው ስንት ዓመት ጠጣነው፣ ምን ሆንን?»

ሽንት ቤቱ ከማድ ቤቱ ጀርባ ነው። ከጉድጓዱ እስከዚያ በእርምጃ ለካሁት፤ 14 እርምጃ።

ባለሙያዎች በጉድጓድና በሽንት ቤት መካከል ቢያንስ 30 ሜትር ይኑር ይላሉ። እስቲ እናስላው። 200 ካሬ ቦታ፣ 10 በ20 ነው እንበል። ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ቢለካ 22 ሜትር ከምናምን ነው። በቃ፣ 30 ሜትሩ ግቢው ውስጥ የለም! የራስን ሽንት ቤት ቢያርቁት እንኳ የጎረቤት ሽንት ቤት አጥሩን ተደግፎ ይቆማል። ስለዚህ «አርቃችሁ ቆፍሩ» የሚለው ምክር ለከተማ ሰው ብዙም አይፈይድም። የሚቀረው ውሃውን መመርመር ነው።

እንደ አዳማ ባለ የስምጥ ሸለቆ ከተማ በተለይ ሁለት ነገር መታየት አለበት፤ ጀርምና ፍሎራይድ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ ሟሙቶ የሚገኝ፣ ሲበዛ ጥርስና አጥንት የሚጎዳ ማዕድን። ሰው ሁለቱን ያምታታቸዋል። «አፍልቼ ነው የምጠጣው» ይላል። ማፍላት ጀርሙን ይገድላል። ፍሎራይዱን ግን አይነካውም። እንዲያውም ውሃው ሲተን በቀረው ውስጥ መጠኑ ከፍ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ግን ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ እየሟሟ ስለሚገባ፣ የዚህ እጥፍ ድርብ ያለበት ጉድጓድ ብርቅ አይደለም። አዳማ አጠገብ ያለችውን ወንጂን የሚያውቅ ሰው ይህን አያጣውም። የስኳር እርሻው ሠራተኞች የጉድጓድ ውሃ ሲጠጡ ኖረው ጥርሳቸው በልዟል፤ አጥንታቸው የደረቀ፣ ወገባቸው የጎበጠም ነበሩ። ፍሎራይድ ጥርስ የሚያበላሸው ደግሞ ቋሚው ጥርስ ገና ድድ ውስጥ እያለ ነው። በቅሎ ሲታይ ጊዜው አልፏል።

የአክስቴ የልጅ ልጅ ሲስቅ የፊት ጥርሱ ላይ ቡናማ መስመር አየሁ። «ምን ሆንን» ላለችው መልስ ነበር፤ ግን አፌ ላይ ቀረ።

ታዲያ ማን ዘንድ ይመርመር? አንድ ላቦራቶሪ ደውዬ ጠይቄ ነበር። «ከየትኛው መሥሪያ ቤት ነህ?» አሉኝ። ከቤቴ ነኝ ብላቸው ግራ ተጋቡ። የጀርም ምርመራ ደግሞ ወግ አለው። ጠርሙሱ ከጀርም የጸዳ መሆን አለበት። ናሙናው በበረዶ ተይዞ ቢዘገይ ቢዘገይ በ24 ሰዓት ውስጥ መድረስ አለበት። አንዲት እናት ይህን ሁሉ ብቻዋን ትወጣዋለች ማለት ቀልድ ነው።

ነገሩ ግን ያን ያህል ከባድ አይደለም። የከተማ ውሃ አገልግሎቶች የራሳቸውን ውሃ ይመረምራሉ። አዳማ፣ ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። በወር አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ላይ የነዋሪውን ጠርሙስ ቢቀበሉ ምን ይላቸዋል? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እንደሆነ ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ ጠርሙሱን እነሱ ያድሉ። በተለይ ሐምሌና ነሐሴ፣ መሬቱ ውሃ ጠጥቶ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ በሚሞላበት ጊዜ። ፍሎራይዱ ከወር ወር ብዙም ስለማይዋዥቅ፣ አንዴ መለካቱ ራሱ ብዙ ይናገራል። ውጤቱም ሰው የሚገባው ይሁን፤ «አፍልታችሁ ጠጡት»፣ ወይም «ለልብስ እንጂ ለልጆች አይሁን» ይበል።

ከሁሉ በላይ ግን ቅጣት አይኑርበት። አብዛኛው የግቢ ጉድጓድ ያለ ፈቃድ የተቆፈረ ነው። ውሃዬን ባመጣ ጉድጓዴን ያሽጉብኛል ብሎ የሚፈራ ሰው አያመጣም። ይህን ፍርሃት ሳያነሱ ላቦራቶሪ ቢከፍቱ ባዶውን ይቀመጣል።

ለፍሎራይድ ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ ስለሚበቃ፣ ስወጣ አንድ ሃይላንድ አስሞላኋት። ክዳኑን አጥብቃ ዘግታ አቀበለችኝና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«የማን ጉድጓድ እንደሆነ ግን እንዳትጽፍበት።»