በአምስተኛው ዓመት የተመረቀች ልጅ ወድቃለች?

በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ምረቃ ምጣኔ ይፋ በሆነ ቁጥር የተለመደው ሰንጠረዥ ይወጣል፤ የተማሪ ቡድኖች ከላይ ወደ ታች ይደረደራሉ፣ ግርጌ ላይ ለተገኘውም ሰበብ ይፈለግለታል። እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ2021/22 የትምህርት ዘመን አገራዊው ምጣኔ 87 በመቶ ነበር። እንግሊዝኛ ገና በመማር ላይ ያሉት 72፣ አካል ጉዳተኞች ደግሞ 71 በመቶ ላይ ቆመዋል።

ቁጥሮቹ ሐሰት አይደሉም፤ ችግሩ አነባበባችን ላይ ነው። ስሌቱ ዘጠነኛ ክፍል አብረው የጀመሩትን ይይዛል፤ ተዛውሮ የመጣ ይጨመራል፣ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት የሄደ ወይም ከአገር የወጣ ይቀነሳል። ከዚያ በአራት ዓመት ውስጥ መደበኛ ዲፕሎማ ያገኙት በመቶኛ ይሰላሉ። በአምስተኛው ዓመት የተመረቀም፣ አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ጥሎ የሄደም በዚህ ስሌት እኩል ናቸው።

በ16 ዓመቷ ተሰዳ መጥታ ዘጠነኛ ክፍል የገባች ልጅን እናስብ። አልጀብራውንም ባዮሎጂውንም የምትማረው ገና አፏን በምትፈታበት ቋንቋ ነው። አንድ ዓመት ቢጨመርላት ትመረቃለች፤ ሰንጠረዡ ግን ከወደቁት ጋር ይደምራታል። በሕፃንነታቸው መጥተው ሁለተኛ ደረጃ ሳይደርሱ ቋንቋውን ያቀላጠፉት ደግሞ ከዚህ ቡድን ቀድመው ወጥተዋል፤ ስኬታቸው ለቡድኑ አይቆጠርም። የተሳካላቸውን እያስወጡ የቀሩትን ደካማ ማለት ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

የአካል ጉዳተኞቹም ነገር ከዚህ አይርቅም። የፌዴራሉ ሕግ ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው ተማሪዎች እስከ 21 ዓመታቸው ድረስ እንዲማሩ መብት ይሰጣል። በዚህ መብት የተጠቀመ ተማሪ የትምህርት ቤቱን የአራት ዓመት ምጣኔ ዝቅ ያደርጋል።

ልዩነት ሁሉ የስሌት ጣጣ ነው ማለቴ ግን አይደለም። በዚያው ዓመት ከነጭ ተማሪዎች 90፣ ከጥቁሮቹ 81 በመቶው ተመርቀዋል። እዚህ ላይ ጎበዙን ከቡድኑ የሚያስወጣ መስፈርት የለም፤ ስሌቱን ማሳበብ ከጥያቄው መሸሽ ነው።

ከአራት ዓመቱ ምጣኔ ጎን የአምስትና የስድስት ዓመቱ ይታተም። አሁንም በትምህርት ላይ ያሉት ካቋረጡት ተለይተው ይቆጠሩ። የተማሪዎቹ ብዛትም አብሮ ይጻፍ፤ አሥር ተማሪ ባለበት ቡድን አንድ ልጅ ብቻውን ምጣኔውን በ10 ነጥብ ያወርደዋልና። የአምስት ዓመቱን ምጣኔ የሚያወጡ ግዛቶች አሉ፤ የጋዜጣ ርዕስ ሲሆን ግን እምብዛም አይታይም።