ልጁ ይሂድ፤ በሩ ግን አይዘጋበት

ጁን 25 ቀን 2025 ማታ ብሩክሊን ባርክሌስ ሴንተር ውስጥ ስሙ ሲጠራ ካማን ማሉዋች መናገር አቃተውና አለቀሰ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ደቡብ ሱዳን ሩምቤክ ተወልዶ ኡጋንዳ ያደገ፣ የአሜሪካው ትልቁ የቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤ ሴኔጋል ባለው አካዳሚ የሠለጠነ፣ በ17 ዓመቱ ለአገሩ በፓሪስ ኦሎምፒክ የተሰለፈ ልጅ ነው። ዱክ ዩኒቨርሲቲ የቆየው አንድ ዓመት ብቻ ነበር። በዚያ ምሽት የኤንቢኤ ቡድኖች በየተራ ተጫዋች በሚመርጡበት ድራፍት 10ኛ ሆኖ ተመረጠ። በዚያ ደረጃ የተመረጠ ተጫዋች የመጀመሪያ ዓመት ደመወዙ 6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው።

የጎረቤት አገር ልጅ ነውና የእኔም ዓይን እንባ አቀረረ። አጠገቤ የተቀመጠው ወዳጄ፣ እዚሁ አሜሪካ ሦስት ልጆች አሳድጎ ያስመረቀ ሰው፣ ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና «ጥሩ ነው፤ ትምህርቱስ?» አለ።

ጥያቄው ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሌሊት ታክሲ ነድቶ፣ ሁለት ሥራ ሠርቶ ልጁን ኮሌጅ ያስገባ አባት የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። በየሳሎናችን ግድግዳ ላይ ከሁሉ በላይ የሚሰቀለው ጋዋን የተለበሰበት ፎቶ ነው። ኳስ ተጫውቶ እንጀራ ይበላል ብሎ ማመን ለእኛ ትውልድ ከባድ ነበር። ወዳጄን ስለዚህ አልተቆጣሁትም። ግን የጠየቀው ልጁን ነው፤ መጠየቅ የነበረበት ልጁን ለአንድ ወቅት አሰልፎ የሸኘውን ዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረውን ማኅበር፣ ኤንሲኤኤን ነው።

ከኮሌጅ ሳይመረቁ ወጥቶ ፕሮፌሽናል መሆን ዛሬ እንደ ተራ ነገር የሚታየው ስፔንሰር ሃይውድ የሚባል ሰው ፍርድ ቤት ድረስ ስለሄደ ነው። ሃይውድ ሚሲሲፒ ውስጥ ጥጥ እየለቀመች አሥር ልጆች ካሳደገች እናት ተወለደ። በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በ19 ዓመቱ የኦሎምፒክ ወርቅ አገኘ። በዓመቱ የዲትሮይት ዩኒቨርሲቲን ትቶ፣ ያኔ የኤንቢኤ ተፎካካሪ በነበረው ኤቢኤ ውስጥ ለሚጫወት የዴንቨር ቡድን ፈረመ። በመጀመሪያ ዓመቱ በየጨዋታው በአማካይ 30 ነጥብና 19.5 ሪባውንድ (ሳትገባ የተመለሰች ኳስ መያዝ) ይዞ የሊጉ ኮከብ ተባለ። ነገር ግን 1.9 ሚሊዮን ዶላር ነው ተብሎ የተወራለት ውል ሲፈተሽ፣ አብዛኛው ገንዘብ ከብዙ ዓመታት በኋላ የሚከፈል ሆኖ ተገኘ። ተቆጥቶ ወደ ሲያትል ሱፐርሶኒክስ ተሻገረ።

የኤንቢኤ ደንብ በጊዜው አንድ ተጫዋች ሁለተኛ ደረጃ ከጨረሰ አራት ዓመት ካልሞላው ሊጉ ውስጥ አይገባም ይል ነበር። ሃይውድና የሲያትል ቡድን ባለቤት ሳም ሹልማን ከሊጉ ጋር ተካሰሱ። ሃይውድ ራሱ ደጋግሞ እንደተናገረው፣ በሄደበት ሜዳ በድምፅ ማጉያ «ሕገወጥ ተጫዋች ሜዳ ላይ አለ» ይባልበት ነበር። እስቲ አስቡት፤ ለአገሩ ወርቅ ያመጣ የ21 ዓመት ወጣት፣ በገዛ አገሩ፣ ሥራውን ሊሠራ ሲገባ ሕገወጥ ተብሎ ይጠራል። ማርች 1 ቀን 1971 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲጫወት የሚፈቅደውን ትዕዛዝ መልሶ አጸናለት።

ሊጉ በሩን የከፈተው ግን ገርበብ አድርጎ ነው። ቀድሞ መውጣት የሚፈልግ የኮሌጅ ተጫዋች ችግረኛ መሆኑን እንዲያሳይ ተጠየቀ። ለነጻ ሕክምና ከቀበሌ የድሃ ማስረጃ እንደማጻፍ ያለ ነገር ነው። ሠርቶ ደመወዝ ለመብላት ድህነትን ማስመስከር! ይህ አሠራር እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ቆይቷል። ቀድሞ የሚወጣ ተጫዋች «ገንዘብ ያየ» ሲባል በሰማሁ ቁጥር የሚታወሰኝ ይኸው ነው።

አሁን ያለው የአንድ ዓመት ቆይታም የመጣው ከትምህርት ፍቅር አይደለም። ኬቨን ጋርኔት፣ ኮቢ ብራያንትና ሌብሮን ጄምስ ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ ነው ኤንቢኤ የገቡት። በ2005 ሊጉና የተጫዋቾቹ ማኅበር ተስማምተው፣ ተመራጩ በድራፍቱ ዓመት 19 የሚሞላውና ሁለተኛ ደረጃ ከጨረሰ ቢያንስ አንድ ዓመት ያለፈው መሆን አለበት አሉ። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ጎበዞች መጠበቂያ ክፍል ሆነ። ፌብሩዋሪ 2019 ዱክ ከኖርዝ ካሮላይና ሲጫወት፣ ጨዋታው ግማሽ ደቂቃ ያህል እንደሄደ የዱኩ ኮከብ የዛየን ዊልያምሰን ጫማ ተቀደደና ጉልበቱ ተጣመመ። ለዚያ ምሽት ትኬት በሺዎች ዶላር የገዙ ሰዎች ነበሩ፤ የኮሌጆቹ የማርች ውድድር የቴሌቪዥን መብት ብቻ በጊዜው ውል በዓመት በአማካይ 770 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር፤ ዛየን ደግሞ በደንቡ መሠረት ደመወዝ አይፈቀድለትም ነበር። ጉዳቱ ቀላል ሆኖ ተመለሰ፣ ድራፍቱንም አንደኛ ሆኖ ወጣ። ጅማቱ ተበጥሶ ቢሆንስ? ክፍያውን ማን ሊመልስለት ነበር?

ሁሉም ይውጣ ማለቴ ግን አይደለም። በ2021 ቀድመው ለመውጣት ስማቸውን ያስመዘገቡት ከ350 በላይ ነበሩ፤ ድራፍቱ ያለው ቦታ 60 ነው። የመጀመሪያዎቹ 30 የሁለት ዓመት ደመወዝ ዋስትና አላቸው። ከዚያ በታች ያለው በድርድር ያገኘውን ነው የሚይዘው። ያልተመረጠው ብዙ ጊዜ የሚሄደው ወደ ታችኛው ጂ ሊግ ነው፤ በ2024–25 የውድድር ዓመት የዚያ ሊግ መደበኛ ደመወዝ 43 ሺህ ዶላር ነበር። ከ2016 ጀምሮ ተጫዋቹ ስሙን አስገብቶ፣ በቡድኖች ፊት ተፈትኖ፣ ትክክለኛ ደረጃውን ከሰማ በኋላ ስሙን ማውጣት ይችላል። ወላጅ ሆኜ ልጄ እዚህ ቢደርስ፣ ከሜዳ ዳር ጩኸትም ከአጎት ምክርም ይልቅ ያንን ፈተና አምናለሁ።

ቲም ደንከን ለሟች እናቱ የገባውን ቃል ጠብቆ ዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲን አራት ዓመት ተምሮ ጨረሰ። ሻኪል ኦኒል በሦስት ዓመቱ ወጥቶ በ2000 ተመልሶ ዲግሪውን ያዘ። የእኔን ልብ የሚነካው ግን የቪንስ ካርተር ነገር ነው። ከኖርዝ ካሮላይና በ1998 ከሦስተኛ ዓመቱ በኋላ ወጣ፤ የቀረውንም ትምህርት ጨረሰ። በሜይ 2001 የምረቃው ቀን፣ ቡድኑ ቶሮንቶ ከፊላደልፊያ ጋር ከሚያደርገው ወሳኝ ሰባተኛ ጨዋታ ጋር አንድ ቀን ዋለ። ጠዋት ጋዋኑን ለብሶ ተመረቀና በአውሮፕላን ፊላደልፊያ ደረሰ። የመጨረሻው ሰኮንድ ላይ የወረወራት ኳስ ሳትገባ ቀረች፤ ቶሮንቶ በአንድ ነጥብ ተሸነፈ። ስንት ሰው ወረደበት! ትምህርታቸውን አቋርጠው ይወጣሉ ብሎ የሚያማ ሕዝብ፣ ተመልሶ የጨረሰውን ልጅ ምረቃ ለምን ሄድክ አለው። እሱ እንደማይቆጨው ተናግሯል፤ እኔም ልጄ ቢሆን የምኮራበት በዚያ ጠዋቱ ነበር።

ካርተር የተመለሰው በር ክፍት ስለነበረ ነው። ዛሬስ? ኤንሲኤኤ ከ2019 ጀምሮ ያወጣው ደንብ አለ፤ በአንደኛው ዲቪዚዮን ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች በስኮላርሺፕ የተጫወተላቸው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ተመልሶ ዲግሪውን ሊጨርስ ሲፈልግ ወጪውን እንዲሸፍኑለት ያዛል። ጥሩ ደንብ ነው። ቅድመ ሁኔታዎቹን ስታነቡ ግን ከወጣ አሥር ዓመት ያልሞላው፣ ከመውጣቱም በፊት ቢያንስ ሁለት ዓመት የተማረ መሆን አለበት ይላል። እንግዲህ አንድ ዓመት ተምሮ የወጣው፣ አዳራሹን የሞላው፣ ፎቶው በየማስታወቂያው የተለጠፈው ልጅ ከዚህ ደንብ ውጪ ነው። ሚሊዮኖች ያገኘው ራሱ ይክፈል ቢባል ይገባኛል። ጉዳት ደርሶበት፣ ሳይመረጥ ቀርቶ፣ በሦስት አገር ሲንከራተት ቆይቶ የሚመለሰው ግን ከዚሁ ከአንድ ዓመቱ ተርታ ውስጥ አለ።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጥቷል። ከጁላይ 2021 ወዲህ የኮሌጅ ተጫዋች በስሙና በምስሉ ገንዘብ ማግኘት ይችላል፤ በ2025 የጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት ደግሞ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ራሱ ለስፖርተኞቹ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዲያካፍል ፈቀደ። በዚያው ዓመት ቀድመው ለመውጣት የተመዘገቡት ከመቶ ጥቂት ብቻ አለፉ። ልጆቹ በአራት ዓመት ውስጥ ድንገት ፊዚክስ አልወደዱም። የሚገባቸውን ሲከፈሉ ቆዩ። ለአምሳ ዓመት ስንወቅሳቸው የኖርነው በዚህ ነበር።

ኤንሲኤኤ የሁለት ዓመቷን ቅድመ ሁኔታ ይሰርዛት። አንድ ወቅት የተጫወተም በፈለገ ጊዜ ይመለስ። እኛም ወላጆች፣ በሜሪላንድም በቨርጂኒያም በሚኒሶታም ረጅም ልጅ ያለን፣ አሰልጣኙ ቤታችን መጥቶ ቡና ስናፈላለት ስንት ደቂቃ ያጫውተዋል፣ ስንት ይከፍለዋል ብለን ብቻ አንለቀው። ልጄ በ19 ዓመቱ ቢሄድ በ29 ዓመቱ ትቀበሉታላችሁ ወይ? ብለን እንጠይቀው፤ መልሱንም በጽሑፍ እንቀበል።

ለወዳጄ ይህን የሁለት ዓመት ነገር ስነግረው ቴሌቪዥኑ ላይ ሌላ ስም እየተጠራ ነበር። ድምፁን ቀነሰና «ያ ቅድም ያለቀሰው ልጅ ስንት ዓመት ተማረ አልከኝ?» አለ።

«አንድ» አልኩት።