እርማት፦ የአካባቢ ትምህርት ሥራ ጎጃም የለም ላልከው

ወንድም ዓለም፣ «የአካባቢ ትምህርት ሥራ ያለው አዲስ አበባ ድርጅቶች ቤት ብቻ ነው፤ ጎጃም ቆፍሮ መትከል እንጂ ማስተማር የለም» ያልከው ልክ አይደለም። ስንቱ ተመራቂ ይህን ሰምቶ ሳይሞክር ቀረ።

ጣና ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል፣ ማለትም ተፈጥሮው ከነዋሪው ኑሮ ጋር አብሮ የሚጠበቅበት ቦታ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ከጥበቃው ጋር ትምህርትና ምርምርም ይጠበቅበታል። ስለ እምቦጭ ለዓሣ አጥማጁ፣ ስለ ዘጌ ደን ለጎብኚው የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል። ጮቄ ተራራ ላይም እንዲሁ።

ችግሩ ማስታወቂያው «አስተማሪ» ብሎ አለመውጣቱ ነው። የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ፣ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎ ባለሙያ ይልሃል፤ ዝርዝሩን ስታነብ ግማሹ ግንዛቤ ማስጨበጥ ነው። የወረዳውንም ሰሌዳ ሄደህ እይ፤ ቴሌግራም ላይ እስኪደርስ መመዝገቢያው ያለፈበት ሞልቷል።

ጊዜያዊው ሥራ ደግሞ ወቅት ይከተላል። የተፋሰስ ሥራ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ጥርና የካቲት ነው፤ ተከላው ክረምት። ስለዚህ ለተከላው ግንቦት ላይ ጠይቅ፤ ሐምሌ ላይ ሰው ተይዟል።

ኮንትራት ሁሉ ቋሚ አይሆንም፣ እሱ እውነትህን ነው። ግን ስትለቅ የልምድ ደብዳቤህን በማኅተም ተቀበል። «በችግኝ ተከላ ተሳትፏል» ብቻ ከሆነ አስተካክሉልኝ በል፤ ትምህርት ቤት ክበብ አሠልጥነህ ከሆነ እሱ ይጻፍ። ከመንግሥት ውጭ ከሠራህ ደግሞ የሥራ ግብር መከፈሉ ይገለጽ፤ ያለዚያ ሲቪል ሰርቪስ ልምዱን ላይቆጥርልህ ይችላል።